«ነፍስ ይማር» ብለው አስቀመጡኝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የሆነው ብዙ ሰው ፊት ነው። ማንም አልሳቀብኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። ሁሉም አዘነልኝ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ወንድሜ ልናገር። ታምራት ይባላል። ታላቄ ነው። በርበሬ በረንዳ በሚባለው ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ፣ እኔን አስራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰኝ የእሱ ጀርባ ነው። ፈተናው ሳይሳካልኝ ሲቀር እንኳን አልተቆጣኝም። እዚያው ጋሽ ከድር የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ አስገባኝ፤ ሚዛን ላይ እቆማለሁ።

ከሱቁ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ክዳኑ ብረት ነበር። አንድ ጠዋት ስንመጣ የለም። ብረት አይደል፣ ሌባ ወስዶ ሸጦታል። ሌላ ተተካ፤ እሱም ተሰረቀ። ከዚያ በኋላ የተካ የለም። ታምራት በዚህ ነገር ሁሌ ይስቅ ነበር። «ብረት እያደረጉ ሌባ ከሚቀልቡ በሲሚንቶ አይሰሩትም? እሱን ማን ተሸክሞት ይሄዳል? እኛም አንችለው!» ይላል።

ሸክም የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚሆን ላይገባው ይችላል። ጆንያ ማጅራቱ ላይ የጫነ ሰው አንገቱ ስለሚጎብጥ የሚያየው የራሱን እግር ብቻ ነው። «መንገድ! መንገድ!» እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ ከፊቱ ያለውን አያይም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ውሃው መንገዱን ይሞላዋል። ጉድጓዱና አስፋልቱ አንድ ይሆናሉ።

ከፋሲካ በፊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ወንድሜ ጆንያ እንደተሸከመ እዚያ ገባ። ጆንያው ከላዩ ወደቀ። ሆስፒታል ወሰድነው። አልተመለሰም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከዚያ ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ሲገባ እነሳለሁ። «ነፍስ ይማር» ሲሉኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «አሜን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ። ድንኳኑ ከተነሳም በኋላ ሰው መንገድ ላይ ያቆመኛል፣ ሱቅ ድረስ ይመጣል። ያንኑ እላለሁ። ሳላስበው ከአፌ የሚወጣ ነገር ሆነ።

ግንቦት ላይ ወረዳችን ወጣቶችን ስብሰባ ጠራ። «የአካባቢያችሁን ችግር ከነመፍትሔው ይዛችሁ ኑ» ተባለ። ተሸካሚዎቹ ይህን ሲሰሙ ሱቃችን በር ላይ ተሰበሰቡ። ፊት የመጣው ሸምሱ ነው። ሸምሱ የታምራት ጓደኛ ነው፤ ለብዙ ዓመት ጆንያ አንዱ ሌላውን እያሸከመ ኖረዋል።

«አንተ ነህ የምትሄድልን» አለኝ።

«ለምን እኔ?»

«እኛማ ማይክ ከያዝን እንጮሃለን። 'መንገድ! መንገድ!' ብለን ኃላፊውን ከወንበሩ እናስነሳዋለን። አንተ ተምረሃል። ቀስ ብለህ ታወራለህ።»

ወንዴ የሚባለው ተሸካሚ ቀበል አድርጎ፣ «ደግሞ ከል ለብሰሃል። ከል የለበሰን ልጅ ማን ደፍሮ 'ተቀመጥ' ይለዋል?» አለ።

ሁላችንም ልክ ነው አልን። እኔም አመንኩበት።

እንድለማመድ ብሎ ሸምሱ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ኃላፊ ሆነ። ድምፁን አወፈረ። «እሺ ወጣት፣ ቀጥል!» ሲለኝ እኔ ፊቱ ቆሜ እናገራለሁ። ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ክዳኑ በሲሚንቶ ቢሠራ እንደማይሰረቅ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ከተሰጠን ጉልበቱን እኛ እንደምንችል፣ ክረምቱ ሳይገባ መሆን እንዳለበት። ይኸው ነው። ደጋግሜ አልኩት። ሰው እየቆመ ያየን ነበር። አንዱ ገዢ፣ «ይሄ ልጅ ምርጫ ሊወዳደር ነው እንዴ?» ብሎ አሳቀን። ወንድሜ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊት ላይ ኃላፊዎች ተቀምጠዋል፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ አለ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ነው ተባለ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ልጆች ጎበዞች ነበሩ። አንዱ ስለ መብራት ተናገረ፣ አንዱ ስለ መሥሪያ ቦታ። እጄን አወጣሁ። ማይኩ መጣልኝ።

ስሜን ተናገርኩ። ከበርበሬ በረንዳ እንደመጣሁ ተናገርኩ። ከዚያ ከጉድጓዱ መጀመር ነበረብኝ። ሸምሱ ፊት ሁሌም የምጀምረው ከጉድጓዱ ነው። አፌ ግን ሌላ ነገር አለ።

«ወንድሜ...» አልኩ። «ታላቅ ወንድሜ... ክዳን የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ... ሞተብኝ።»

አዳራሹ በሙሉ «ውይ!» አለ።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን መናገር አለብኝ። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ከወንበሩ ተነሳ። «በጣም ያሳዝናል። ለወንድማችን ነፍስ ይማር። እስቲ ሁላችንም ተነስተን የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እናድርግ» አለ።

ሰው ሁሉ ተነሳ። ወንበር ተንኳኳ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ከአውቶቡስ ተራ በኩል የረዳቶች ጩኸት ይሰማል። እኔ ማይኩን እንደያዝኩ አንገቴን ደፍቻለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ወንድሜን በሕይወቱ ሰው «ዞር በል!» ሲለው እንጂ ቆሞ ሲያከብረው አላየሁም። አሁን ኃላፊዎች ሳይቀሩ ቆሙለት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሰብሳቢው «እናመሰግናለን። እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ» አለኝ።

እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። «አሜን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ተቀመጥኩ።

መቀመጤን ያወቅሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ማይኩ ከእጄ ሄዷል።

ከእኔ ቀጥሎ ዕድል የደረሳት ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ ነበረች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አላውቃትም። «እኔ የምሠራው ሸማ ተራ ነው» አለች። «የመጣሁት ስለ ሴቶች ሽንት ቤት ነው። ተሠርቶ፣ ተመርቆ፣ ተቆልፎ ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳንጠጣ ነው የምንውለው። እሱን እመለስበታለሁ። ግን የልጁ ነገር ሳይመለስ እንዴት ይታለፋል? ጸሎቱ ጥሩ ነው። ጉድጓዱስ ተከድኗል?»

ዞር ብላ አየችኝ። «ወንድሜ፣ ጉድጓዱ የት ጋ ነው? ንገራቸው እንጂ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ በክርኑ ነካ አደረገኝ። «አንተን እኮ ነው» አለኝ።

ተነሳሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። እዚያ አካባቢ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ከጋሽ ከድር ሱቅ ወረድ ብሎ፣ በቃ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው። እጄ ራሱ ደረቴ ላይ ነበር።

ከኋላ ሰው ከንፈሩን ሲመጥ ሰማሁ። ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ሰብሳቢው፣ «ተይው እህቴ፣ ሐዘን ላይ ነው፣ አታስጨንቂው። ወደ ሌላ ጥያቄ እንለፍ» አላት።

«የእኔ ጥያቄስ?»

«ደቂቃሽ አልቋል እህቴ። ሌላ ጊዜ።»

ማይኩን ወሰዱባት። ተቀመጠች። ዕድሏን ለእኔ ሰጠች፣ እኔ ደግሞ ጣልኩት። ስብሰባው እስኪያልቅ ቀና አላልኩም። ሲያልቅ ሰው መሃል ገብቼ ወጣሁ። ልታናግረኝ ፈልጋ እንደሆነ አላውቅም፤ ፈርቼ አልዞርኩም።

ተሸካሚዎቹ ሥራ አቁመው ሱቁ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

«እሺ፣ ምን አሉ?» አለ ሸምሱ።

«ነፍስ ይማር አሉ።»

«አሚን። ጉድጓዱንስ ምን አሉ?»

ወደ ሚዛኔ ዞርኩ። ወንዴ ሌላ ነገር ሊጠይቀኝ ሲል ሸምሱ ክንዱን ያዘው። ሸምሱ ሄዶ አሮጌ ጎማ አመጣ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ አድርጎ መሃሉ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰካ። ሲመለስ «ሂድ አረፍ በል» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ውሃው ጎማውን ይዞት ይሄዳል፣ እኛ እንመልሰዋለን። አንድ ቀን ወንዴ ጆንያ ተሸክሞ እግሩ ገባ። ጎማው ስለያዘው አንድ ጉልበቱ ብቻ ቆስሎ ተረፈ። ሳነሳው ፊቴን አላየም። ሆን ብሎ ይሁን አሞት ይሁን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ወረዳው ሁለተኛ ስብሰባ ጠራ። «ሌላ ሰው ይሂድ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። እኔ ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ከሉን አወለቅሁ።

እማዬ አየችኝ። «ዓመቱ ሳይወጣ?» አለች። «ምነው ልጄ? ሰው ምን ይላል? ወንድምህን ጠላኸው?»

«እማዬ፣ ከል ለብሼ ስሄድ የሚያዩት እኔን ነው። ጉድጓዱን አያዩትም።»

ከዚያ ሻንጣ ከፍታ የታምራትን ሰማያዊ ሸሚዝ አወጣች። «እንግዲያው ይህን ልበስ» አለችኝ። ትከሻው ሰፋኝ።

ሰብሳቢው ያው ሰው ነበር። አላወቀኝም። ማይኩን ስይዝ ከጉድጓዱ ጀመርኩ፣ እስከ ሲሚንቶው ሄድኩ። ስለ ወንድሜ አንድ ቃል አላነሳሁም። ሸሚዙን ለብሼ ስሙን ዋጥኩት። ሰብሳቢው «ጥሩ መፍትሔ ነው፤ የት ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ጊዜ ተርፎኝ ነበር። «ሌላም አለ» አልኩ። «ሸማ ተራ የሴቶች ሽንት ቤት ተቆልፏል።»

አዳራሹ ሳቀ። አንዱ ከኋላ «አንተ እዚያ ምን አገባህ?» ብሎ ጮኸ፤ የባሰ ሳቁ። «እናየዋለን» ተባለ። ቢጫ ሻሽ በየወንበሩ ፈለግሁ። አልመጣችም።

የወረዳው ሠራተኞች የመጡት ከአንድ ሳምንት ዝናብ በኋላ ነው። ሲሚንቶውን እነሱ አመጡ፣ አሸዋውን ሸምሱና ጓደኞቹ ተሸከሙ። እኔም ከሱቅ ወጥቼ አገዝኩ። ክዳኑን ሲገጥሙ አንዱ ሠራተኛ ላቡን እየጠረገ፣ «ጥሩ ነው፤ ሰው ሳይገባበት ደረስንለት» አለ።

ሸምሱ አየኝ።

«ገብቶበታል» አልኩ። «ወንድሜ ነው። ታምራት ይባላል።»

ሠራተኛው ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ። «አሜን» አልኩ። ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀና አካፋውን አነሳ።

አሁን ተሸካሚዎቹ በዚያ ክዳን ላይ ይሄዳሉ። ሸምሱ ሲያልፍ ሁሌ በእግሩ መታ መታ ያደርገዋል። ወንዴም ያናግረኛል፤ ይቀልድብኛልም። ሰው ጉድጓዱን ያስከደነው እኔ እንደሆንኩ አድርጎ ያወራል። እኔ ግን በሸማ ተራ በኩል ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። ሽንት ቤቱ አሁንም እንደተቆለፈ ነው። ቢጫ ሻሽ ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ፤ ባገኛት እወዳለሁ፣ እንዳላገኛትም እጸልያለሁ። ያን ቀን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ያልኩት በከንቱ ነው። ቃሉ የሚገባው ለእሷ ነበር፤ ለእሷ ግን አላልኩትም።

ስብሰባ ሲጠራ እንደገና እሄዳለሁ። ስለ ሴቶች ሽንት ቤት እጄን አወጣለሁ። ይሳቁብኝ። ከሚያዝኑልኝ ይሻላል።