አባ ያላሉት ቃል

ታምሬን የጠረጠርሁት ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በአቀማመጡ ነው። ሱዳን፣ ገደሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከያዕቁብ ሱቅ ፊት ለፊት ባለችው የኒም ዛፍ ሥር የገመድ አልጋ ይሠራ ነበር። ሌሎቹ አልጋ ሠሪዎች ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ነው የሚሠሩት፤ አቧራው ከዚያ ይመጣልና። እሱ ግን ጀርባውን ከግንዱ አጣብቆ፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ፣ የገደሪፍን አቧራ ሁሉ በፊቱ እየተቀበለ ገመድ ይወጥራል። ከኋላው ሰው ሊያልፍ ከሆነ ሥራውን ትቶ ይቆምና ያሳልፈዋል። ለሰው ጀርባውን የማይሰጥ ወይ ያስገደለ ነው ወይ ሊያስገድል የመጣ ነው ብዬ ለያዕቁብ ነገርሁት። ያዕቁብ ከጎንደር የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ሳቀብኝ። ያለምወርቅ፣ አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽንም ወረቀት አሳየኝ ትይዋለሽ አለኝ።

ውሸት አልተናገረም። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሲመነጠር ያየን ሰዎች ነን። በሰባው ዓመት ጎንደር ላይ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠቁሟል። ታናሽ ወንድሜ አስናቀው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቀበሌው ስሙን መያዙን ሲሰማ፣ እሑድ እመለሳለሁ ብሎኝ በጠዋት ከቤት ወጣ። አልተመለሰም። አንዱ ታስሯል አለኝ፣ ሌላው ወደ ሱዳን ተሻግሯል አለኝ። እኔ የሁለተኛውን አመንሁ። በመተማ ወጣሁ፣ ገላባት ሁለት ዓመት ሻይ እየሸጥሁ ዐረብኛ ለመድሁ፣ ከዚያ ገደሪፍ ገባሁ። ከጎንደር የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አስናቀው በላይነህን አይተሃል ወይ፣ ቀጭን ነው፣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፣ አንዱ እጅጌ ይረዝማል እላለሁ። ሹራቡን የሠራሁት እኔ ስለሆንሁ ነው እጅጌው የረዘመው።

እንጀራዬ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነበር። ለአባ ሩፊኖ ምግብ አበስላለሁ፣ ስብከታቸውንም አስተረጉማለሁ። አባ ጣልያን ናቸው፤ ዐረብኛው እንደ ውሃ ይወርድላቸዋል፣ አማርኛ ግን አንድ ቃል አያውቁም። እኛ ሐበሻ ካቶሊኮች ሠላሳ አንሞላም። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን፣ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው የቀሩት፣ ይቀልዱብናል። በተለይ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ፋሲካችን ከእነሱ አምስት ሳምንት ሲቀድም፣ ጌታ ገና ሳይሰቀል እናንተ አስነሣችሁት እያሉ አላስቀመጡንም።

ታምሬ ካቶሊክ መሆኑን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ሲቀመጥ ነው። የተቀመጠውም የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው። ስንወጣ እንደ ማንኛውም ሰው ስለ አስናቀው ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። ከዚያ ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርሁት፤ የአባቴን ስም ደግሞ አስደገመኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባየኝ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። በቃ፣ ስሜን ጽፎ አሳልፎታል፣ የደርግ ጆሮ ነው አልሁ። ይባስ ብሎ በየወሩ ሾዋክ መሄድ ጀመረ። ገመድ ልገዛ ነው ይላል፤ ገመድ ገደሪፍም ሞልቷል። ሾዋክ ያለው የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ የማን ጆሮ እንደማይቆም ማን ያውቃል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝ አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልቆረበም። ሰው ሁሉ ሲነሣ እሱ ግድግዳውን ይዞ ይቀራል። ወባ ጥሎት ያዕቁብ ከሱቁ ጓዳ አስተኝቶ ሲያስታምመው፣ በትኩሳቱ መካከል ሳልናዘዝ ልሞት ነው እያለ ያለቅስ እንደነበር ያዕቁብ ነገረኝ። እኔ እንደሆንሁ ሆዴ አልባባም። ሰላይም እኮ ሞት ይፈራል።

ከወባው ከተነሣ በኋላ፣ ጾሙ ሲገባ፣ መንገድ ሳይቀይር ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። አባን አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለኝ፤ በሌላ ሰው ደም የገባ ሰው እግዚአብሔር ይምረዋል ወይ ብለሽ። እንዴት ያለ ሰው ነው ብዬ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። አባ ሲሰሙ፣ ምሕረት የማይደርስበት ጉድጓድ የለም፣ ይምጣና ይናዘዝ፣ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ አሉ። አስተርጓሚም እንደ ካህኑ በምስጢሩ የታሰረ ነው፣ ለእናቱ እንኳ ትንፍሽ አይልም። ይህን ብዬ ስነግረው ታምሬ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«በአንቺ አፍ ከሚሆንስ ሳልናዘዝ ብሞት ይሻለኛል» አለ።

ስድቡ አንገበገበኝ። ስንቱን ምስጢር ታምኜ የያዝሁ ሰው ነኝ! እባብ ያየ በልጥ በረየ ብዬ ልተወው ሞከርሁ፣ አልሆነልኝም። እሱ እኔን ጠርጥሮ! ለአባ ጨምሬ ጨማምሬ ከሰስሁት። አባ ግን ጥቂት አሰቡና በአማርኛ ይናዘዝ አሉ። እኔ ባይገባኝም የሚገባው ይሰማዋል፤ መጸጸቱን ካየሁ እፈታዋለሁ አሉኝ።

ታምሬ ግን ጣልያን አማርኛ አያውቅም ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም። አባ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሊያደርጉ ሲሉ ቀረበና፣ በትሕትና እጅ ነሥቶ፣ ረጋ ብሎ፣ «አባ፣ ጫማዎት ውስጥ ጊንጥ ገብቷል» አላቸው። አባ ፈገግ አሉ፣ በዐረብኛ አመሰገኑት፣ እግራቸውን ዶለው ወደ ውስጥ ገቡ። ጊንጡ የለም፤ ግን እኔ ከማዕድ ቤት ሰምቼ እስከ በሩ ሮጬ ነበር። እንዲህ ያለውን ተንኮል ከየት ነው የተማረው ብዬ ጥርጣሬዬን ጨመርሁበት።

የሆሳዕና ዋዜማ አባ ስለ ንስሐ ሰበኩ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ከሰው የወሰዳችሁት ነገር ካለ መልሱ፣ ከዚያ ወደ እግዚአብሔር ኑ አሉ። ያሉት ይህን ብቻ ነው። ታምሬ ከግድግዳው ሥር ዓይኑን እኔ ላይ ጥሎ ነበር። ያኔ ንዴቴ አሸነፈኝና ከራሴ ጨመርሁበት።

«የወሰዳችሁት የማይመለስ ከሆነ ደግሞ፣ ባለቤቱ ፊት ቆማችሁ እውነቱን ንገሩት» አልሁ።

ሠላሳው ሰው የአባ ቃል መስሎት አዳመጠ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አልመለስሁትም። ከስብከቱ በኋላ ታምሬ አባ ክፍል ገባና እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ከማዕድ ቤቱ መስኮት ይታየኛል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ብዙ ቆየ። አባ እጃቸውን ራሱ ላይ ሲያሳርፉም አየሁ። ከወጣ በኋላ ደፍሬ ምን አለ ብዬ ጠየቅሁ። አልገባኝም፣ ቢገባኝም አልነግርሽም ብለው ጫማቸውን አውልቀው አራገፉ። ስለ ጊንጡ የነገርኋቸው እኔ ነኝ።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ቀትር ላይ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ታምሬ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆመ። በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ሾዋክ የተመላለሰው ለዚህ እንደሆነ ነገረኝ፦ ከገደሪፍ ርቆ ወደሚገኝ ካምፕ እንዲያዛውሩት ሲለምን ኖሮ፣ ፈቃዱ በዚያ ሳምንት ደርሶለታል። ከማን ነው የምትሸሸው አልሁት።

«ከአንቺ» አለ። «አባ እንዳሉት ልናገር ነው የመጣሁት። የወሰድሁት የሚመለስ አይደለም።»

ከዚያ ቆሞ ነገረኝ። ጎንደር የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። አንድ ወዳጁ አስናቀውን ደብቅልኝ ብሎ አመጣለት፤ ጣሪያው ሥር ካለው ቆጥ አራት ቀን አስተኛው፣ ምግብ አቀበለው። በአምስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሰሳ መጣ። የአብዮት ጥበቃዎቹ አለቃ ሌላ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ታምሬ የለም አለ። «አፌ የለም አለ» አለኝ፣ «ዓይኔ ግን ከፍርሃቴ የተነሣ ወደ ቆጡ ሄደች። ሰውዬው ዓይኔን ተከትሎ ቀና አለ።» አስናቀውን ሲያወርዱት ታምሬ ማን እንዳስገባው አላውቅም ብሎ ማለ። አስናቀውም አዎ፣ እሱ አያውቅም፣ ሰርቄ የገባሁት እኔ ነኝ አለላቸው። ታምሬ በዚያ ቃል ነው የተረፈው። በሦስተኛው ቀን ከአምስት ልጆች ጋር መንገድ ዳር ተጋድሞ አየው፤ አረንጓዴውን ሹራብ እንደ ለበሰ። ከዚያ ወዲህ ከጀርባው ሰው በቆመ ቁጥር ያ አለቃ የቆመ ይመስለዋል።

እኔ ግን እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜም ጠረጠርሁ። ስለ ሹራቡ ለገበያው ሁሉ ነግሬያለሁ፣ ይህን ማንም ፈጥሮ ሊያወራው ይችላል አልሁት። ወንድሜ በሕይወት አለ፣ አንተ ተስፋዬን ልትቆርጥ የተላክህ ነህ አልሁት።

ታምሬ ያን ጊዜ፣ ወንድምሽን ቆጡ ይጠብህ ይሆን ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ አለ። «ይሄ ጀርባ እኅቴ ለሰበረችው የፋኖስ መስታወት የተገረፈ ጀርባ ነው፣ ቆጥ አይከብደውም አለኝ።»

ቢላዋውን አስቀመጥሁት፤ እጄን አላመንሁትም። የአባታችንን የፋኖስ መስታወት የሰበርሁት እኔ ነኝ። ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ አስናቀው ገና ስምንት። እኔ ነኝ ብሎ ተገረፈ፤ እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ፣ አልወጣሁም። ይህን ከእሱና ከእኔ በቀር በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወንድሜ ሞቷል። ስምንት ዓመት የፈለግሁት ሰው፣ እኔ ቤቱን ለቅቄ ሳልወጣ ሞቶ ነበር።

ውጣልኝ አልሁት። እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ፣ የኋሊት እየረገጠ ወጣ።

ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም። ንዴቴ በታምሬ ብቻ አልነበረም፤ በእግዚአብሔርም ላይ ነበር። እኔን ሳያማክር ማረው እኮ! የሞተው የኔ ወንድም፣ የተፈታው እሱ። አንዳንዴም ምናልባት አልማረውም ይሆናል፣ አባ ያልገባቸውን ነገር ነው የፈቱት እያልሁ እጽናናለሁ። በዚህ መጽናናቴ ደግሞ ራሴን አስፈራኝ። ቅዳሜ አባ ዘንድ ገብቼ፣ ስብከትዎ ላይ ከራሴ ጨምሬ ነበር፣ ምላሴን በቆረጥሁት ኖሮ አልኋቸው። የጨመርሁትንም ነገርኋቸው።

«የጨመርሽው ውሸት ነው?» አሉኝ።

አይደለም አልሁ።

«ታዲያ ለእሱ ብቻ ነው እንዴ የጨመርሽው?»

ያን ጊዜ የፋኖሱን መስታወት ተናዘዝሁ። በየወሩ ስናዘዝ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ይህን አንድ ቀን አንሥቼው አላውቅም። የልጅነት ነገር ነው፣ ትንሽ ነው እያልሁ። ለማን ልናገረው፣ ባለቤቱ የለም ብዬ አለቀስሁ። አባ ምሕረት ባለቤቱ ላለ በደልም ባለቤቱ ለሌለም ነው፣ እመኚ አሉኝ። ሙሉ በሙሉ አመንሁ ብል እዋሻለሁ። ግማሹን አመንሁ፣ በግማሹ ተነሣሁ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ታምሬ መጣ። ወደ ካምፑ ሄዷል ብዬ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ ይታያል። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። የቁርባኑ ሰዓት ሲደርስ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሄደ፣ እሱ ግን ንስሐ ገብቶም አልተነሣም። እኔን ነበር የሚያየው። ሁልጊዜ ቀድሜ የምቆመው እኔም ከቦታዬ አልተንቀሳቀስሁም። ሰልፉ አለቀ፤ አባ ቅዱስ ቁርባኑን እንደ ያዙ ቆመው ጠበቁ።

ልቤ ጠርቶ አይደለም። ይቅር ብዬሃለሁ የሚለው ቃል ገና ከአፌ አልወጣም ነበር፤ ዛሬም አንዳንድ ቀን አይወጣም። ግን አስናቀው ለሁለታችንም ዋሽቶ ነው ያዳነን፣ ለእኔ ፋኖሱን፣ ለእሱ ቆጡን። አንዱን ይዤ ሌላውን ልከለክል አልቻልሁም። ሄጄ አጠገቡ ቆምሁ።

«ተነሥ አያ ታምሬ» አልሁት። «አንተ ቅደም፣ እኔ ከኋላህ ነኝ።»

እጁ ግድግዳውን ዳበሰ። ከዚያ ተነሥቶ ቀደመኝ፤ አባ ፊት እስኪደርስ ድረስ ወደ ኋላ አልዞረም።