በተጻፈበት በኩል

ዛሬ ጠዋት የዶርም ጓደኛዬ ሳሮን ከሻንጣዋ አሮጌ የሲዲ ማጫወቻ አወጣች። እንደ ሳህን ክብ ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ ቀጭ ይላል። «ደግሞ ይሄ ከስልክ በምን ይሻላል?» ብዬ እንዳልቀልድባት መልሱን አውቀዋለሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ እኔም እንዲህ ያለ ነበረኝ፤ ሲኤምሲ የሚኖረው አጎቴ ሊጥለው ሲል የለመንኩት። መዝሙር ከመጀመሩ በፊት ሲዲው ሲሽከረከር ትንሽ ፉጨት ይሰማል። ያን መጠበቅ እወደው ነበር።

አክስቴ ምሕረት ካራ ሰፈር ባለው ቤታችን ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። በወጣትነቷ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መካከል ብቻዋን የምትዘምር እሷ ነበረች፤ ከአንገቷ ቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ድምፅዋ ሻክሮ ቀረ። የድሮ ድምፅዋ ያለው አንድ ሲዲ ላይ ብቻ ነው፤ በላዩ ወረቀት ተለጥፎ «ምሕረት» ተብሎ ተጽፎበታል። ለልደቷ ላሰማት ብዬ ደብቄ ብሞክረው፣ ልክ እሷ ስትጀምር ይንተባተባል።

ማጫወቻውንና ሲዲውን መገናኛ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ ለሚጠግኑት ለጋሽ ከድር ወሰድኩ።

«የማጫወቻው ዓይን አቧራ ይዟል። እሱን ተዪልኝ፤ ሲዲውን እንዳትነኪው።»

«ልደቷ እኮ እሑድ ነው፣ ጋሽ ከድር!»

«ቅዳሜ ነይ። ሲዲው ክንፍ የለው፣ የት ይበራል?»

ከእንጦጦ የወረደው ዝናብ እየደበደበኝ፣ የበቆሎ ጥብስ እየጋጥኩ ተመለስኩ። እጄ ግን አላርፍ አለ። የወረቀቱ ጠርዝ ተነሥቶ ነበር፤ የሚያንተባትበው እሱ መሰለኝ። የሚያብረቀርቀው ፊት እንዳይጫር ለስላሳ ፎጣ አንጥፌ ደፋሁት፤ ወረቀቱን በለብታ ውኃ አርሼ ቀስ ብዬ ላጥኩት። ብርማው ሽፋን አብሮ ተላጠ። ድምፁ ያለው ለካ ከወረቀቱ ሥር፣ በዚያ ሽፋን ላይ ነው! ያን ሁሉ የተጠነቀቅሁት ለፕላስቲኩ ነበር።

ቅዳሜ ማጫወቻው በሌላ ሲዲ ሲሞከር እንደ አዲስ ሠራ። የኔን ሳሳያቸው ጋሽ ከድር «አንቺ ልጅ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሑድ ጥፋቴን ስነግራት አክስቴ ሲዲውን አንሥታ በተላጠው በኩል አሾልቃ አየችኝ።

«ላስደስትሽ ብዬ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች በሻካራ ድምፅዋ። «ድሮ ድምፄ ይሰማበት ነበር፤ አሁን ያንቺ አፍንጫ ይታይበታል።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔን ግን ሳቁ አናደደኝ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ሳሮን ሲዲዋን በሹራቧ ልትወለውል ስትል «ተዪው!» ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ አስቀመጠችውና ክዳኑን ዘጋች። ያቺ ፉጨት መጣች። አሁንም ፉጨቷን በሰማሁ ቁጥር፣ ቀጥላ አክስቴ መዘመር የምትጀምር ይመስለኛል።