ኮንቴነር ውስጥ የገቡት አዋላጅ

ጁባ፣ ቡሉክ ሰፈር፣ በምሠራበት ድርጅት ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ የመርከብ ኮንቴነር አለ። ከውጭ ሲያዩት ሲሚንቶ የተከማቸበት ይመስላል። ውስጡን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ እሱ ሳወራ ትንሽ ብኩራራ ይቅር በሉኝ። ግድግዳውና ጣሪያው የሬዲዮ ሞገድ በሚውጥ ጥቁር ስፖንጅ ተለብጧል። በሩ ሲዘጋ የጁባ ኔትወርክ በሙሉ ውጭ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ውስጥ የሚኖረው ሲግናል እኔ የፈቀድኩት ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። መለኪያዬን አዝዬ በሞተር እሄድና በአንድ ሰፈር ሲግናሉ የት እንደሚደክም፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነጥሮ እንዴት እንደሚደበላለቅ፣ የት ላይ ጭራሽ እንደሚጠፋ እቀዳለሁ። ተመልሼ የቀዳሁትን ለአንድ ማሽን እሰጠዋለሁ፤ ማሽኑም ያንኑ ድካምና ድብልቅልቅ ኮንቴነሩ ውስጥ ይደግመዋል። ጠዋት የካቶርን ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሸሪካትን ከወንበሬ ሳልነሳ አመጣቸዋለሁ። "ድልድዩን ሳልሻገር ሸሪካት ደርሼ መጣሁ" እያልኩ ባልደረቦቼን አሰለች ነበር።

ያን ጊዜ የምፈትነው ከሸሪካት ወዲያ ላሉ ትንንሽ ክሊኒኮች የሚታደል የጥሪ መሣሪያ ነበር። መዳፍ የምታህል ናት፤ አንድ ቀይ ቁልፍ አላት። አዋላጅ ስትጫናት የአምቡላንስ ሾፌሩ ዘንድ ይደወላል፣ የድምፅ መስመርም ይከፈታል። ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው መታደል ስለነበረባት ሁሉም የእኔን ፊርማ ይጠብቅ ነበር። ኮንቴነሩ ውስጥ በፕላስቲክ ማቆሚያ ላይ አቆምኳትና ሸሪካትን ለቀቅኩባት። አንድም ጥሪ አልሳተችም። ፈረምኩ።

መጀመሪያ ለሙከራ የወሰዱት አንዲት አዋላጅ ነበሩ። ልጅነታቸውን በስደት አዲስ አበባ ያሳለፉ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚፈጥን፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ መጡና መሣሪያዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧት።

"ሸበካ ማፊ" አሉኝ። ኔትወርክ የለም ማለታቸው ነው።

"እማማ፣ ይቺ እኮ ፈተናዋን አልፋለች።"

"አንተ ዘንድ አልፋ ይሆናል። እኔ ዘንድ ላም አለኝ በሰማይ ናት።"

"ምናልባት ቁልፉን በደንብ አልተጫኑት ይሆናል" አልኳቸው። እንዲህ በማለቴ ዛሬም አፍራለሁ።

አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ያለፈውን ክረምት ነገሩኝ። አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ ደም ይፈሳት ጀመር። ስልካቸው ክሊኒኩ ውስጥ አልሠራ ስላላቸው ኔትወርክ ፍለጋ እስከ ዋናው መንገድ ሄዱ።

"ደውዬ ስመለስ ሞታለች" አሉ። "አምቡላንሱ ባይደርስ፣ እሺ፣ መንገዱ ነው። እኔ ግን እጇን ለቅቄ ነው የሄድኩት። ብቻዋን ነው የሞተችው። ይቺን የፈለግኳት ሁለተኛ ከአልጋው አጠገብ እንዳልነሳ ነው፤ ለሌላ አይደለም።"

ልቤ ተሰበረ። በራሴም ተናደድኩ። መሣሪያዋን እንዴት እንደሚይዟት ጠየቅኳቸው። ሲያዋልዱ እጃቸው ጓንት ውስጥ ነው፣ እርጥብ ነው። ስለዚህ ትከሻቸው ላይ ቋጥረው ከሚለብሱት፣ ላዋ ከሚሉት ጨርቅ ሥር፣ ደረታቸው ውስጥ ይሸጉጧታል፤ በጨርቁ ላይ በክርናቸው ይጫኗታል። ስልክና ገንዘብ የሚያኖሩትም እዚያው ነው። የዚህ አገር ሴቶች እንዲህ እንደሚይዙ በየቀኑ አያለሁ። የሰው ገላ ጨዋማ ውሃ እንደሆነ፣ ውሃም ሲግናል እንደሚበላ ከተማሪ ቤት ጀምሮ አውቃለሁ። ሸሪካትን ያህል ሰፈር ኮንቴነር ውስጥ ስከት ሰው መጨመርን ረስቼ ነበር።

"እማማ፣ ውስጥ ይግቡልኝ" አልኳቸው።

"በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?" አሉና ገቡ።

ውስጡ ምድጃ ነው። በርጩማ ሰጠኋቸው፤ ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር በሩን እንዲመቱ ተስማማን። የሙከራው ጥሪ ወደ እኔ ስልክ እንዲመጣ አድርጌ ዘጋሁና ሸሪካትን ለቀቅኩ። በሩ ተመታ፤ ስልኬ ዝም። ደግሞ ተመታ፤ ዝም። ከስንት ጊዜ አንዴ ብቻ ጠራ። ስከፍት ላብ በላብ ሆነዋል።

"ኩዌስ?" አሉኝ፣ ደህና ሆነ ወይ ለማለት።

"ኩዌስ አይደለም። እርስዎ ልክ ነዎት።"

የዚያኑ ቀን ፊርማዬን ሰረዝኩ። አለቃዬ ዝናቡ ደረሰ ብሎ ጮኸ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩት። እንደማስተካክላት ግን አልተጠራጠርኩም። እሳቸውን ቀን ሙሉ ማፍላት ስለማይሆን ጄሪካኖች ጨው በበዛበት ውሃ ሞልቼ ደራረብኩ፣ ላዋ አለበስኳቸው፣ መሣሪያዋን ከሥሩ አሰርኩ። ባልደረቦቼ "ሚስትህ እንዴት አደረች?" ይሉኝ ነበር። ደህና አደረች እላለሁ። ከሙከራ ብዛት መፍትሔው ተገኘ፦ አንቴናው ከመሣሪያዋ ወጥቶ በአጭር ገመድ ትከሻ ላይ፣ ከላዋው ቋጠሮ ጋር ይታሰራል። ከገላ ራቅ አለ፣ እጅም አላስቸገረ። አዋላጇ ተመልሰው ገቡልኝ። በሩ በተመታ ቁጥር ስልኬ ጮኸ። ሁለተኛውን ፊርማ ፈረምኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሪው ወደ እኔም ስልክ እንዲመጣ አድርጌ ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ስልኬ ጠራ። ሾፌሩ ቀድሞኝ መስመሩ ላይ ነበር። ሞተሩን እያስነሳ "ሄሎ! ሄሎ! ምንድን ነው?" ይላል። የእኔ አዋላጅ አልመለሱለትም። እሳቸው አልጋው ላይ ላለችው ሴት እያወሩ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ በአረብኛ፣ አንድ ቃል እየደጋገሙ።

"እዚሁ አለሁ። እዚሁ አለሁ።"