ላስቲኩ ወደ በሩ ሆድ ይታጠፋል

የመኪና በር ሆድ እንዳለው ያወቅሁት አባቴ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ክረምት ነው። ሐኪሞቹ «ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም፣ ቤቱ ይግባ» አሉ። እሱም የሚለምነው ይኸንኑ ነበር። ብቻ ብርድና እርጥበት እንዳይነካው፣ ሳንባው አይችለውም ተባልን።

የምናመጣው በራሱ መኪና ነው፤ ከደብረ ታቦር ገሳይ ዕቃ ሲያመላልስባት በኖረ አሮጌ ፒክአፕ። ችግሩ የጋቢናዋ በር ነበር። አባቴ ከመታመሙ በፊት መስታወቷ በሩ ውስጥ ወድቆ ጋራዥ ገብታ ነበር። መስታወቱን ሠሩት፤ ከበሩ የውስጥ መሸፈኛ ካርቶን ኋላ ያለውን ላስቲክ ግን ቀዳደው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ በዘነበ ቁጥር ውኃው በካርቶኑ እየሾለከ የጋቢናውን ወንበር ያርሰዋል። አባቴ የሚቀመጠው ደግሞ እዚያ ነው።

መኪናዋን የሚነዳልን የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ዲያቆኑ አጎቴ ነው። ጎንበስ ብሎ የበሩን ሥር አየና፣ «ይኸውላችሁ! ቀዳዳ አለው። ከታች የተነደለ ዕቃ ምን ይዞ ያውቃል?» አለ። ከቤተ ክርስቲያን የተራረፈ ጧፍ አምጥቶ አቀለጠና ቀዳዳዎቹን በሰም ደፈናቸው። በማግሥቱ ከዝናቡ በኋላ በሩን ሲከፍተው እንደ እንስራ ተንቦጫቦጨ።

«አንተ ዲያቆን፣» አለች እናቴ፣ «በሩን ታጠምቀው ኖሯል?»

ሳቅን። ቤታችን ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

ለአባቴ ደወልሁ። የምታስታምመው ታላቅ እኅቴ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋችለት። እኔም የሆነውን ነግሬው፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥሁት።

«መጀመሪያ ሰሙን አውጡለት፤ ውኃው የሚወጣው በዚያ ነው» አለ። በየቃሉ መካከል ያርፋል። «ዝናብ በመስታወቱ ሥር ወደ በሩ ሆድ መግባቱ አይቀርም። ላስቲኩ ወደ ሰው እንዳይመጣ ነው የሚከለክለው።»

በካቻቢቴ ካርቶኑን ፈታሁ። አጎቴ እያጉረመረመ ሰሙን በምስማር ይፈለፍላል። ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ያወጣሁትን ላስቲክ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በበሩ ልክ ቆረጥሁት፤ ዙሪያውን ማስቲሽ ቀብቼ በመዳፌ እየተጫንሁ ለጠፍሁት።

«የታችኛውን ጫፍ ወዴት አደረግሽው?»

«ወደ እኛ፣ ካርቶኑ ሥር እንዲወርድ።»

«እንግዲያው ጫማሽን አውልቂ፣ ትዋኛለሽ።» ሳል ያዘው። ሲለቀው ቀጠለ። «ወደ ውስጥ እጠፊው፣ የኔ ልጅ። ወደ በሩ ሆድ። የሚንጠባጠበው እዚያው ይውረድ።»

ነቅዬ አጠፍሁት። ጣቶቼ በማስቲሽ ተጣብቀው ሳያቸው፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። አባቴ ሊሞት ነው፣ እኔን ደስ ይለኛል።

ያመጣነው ቀን ከወረታ ጀምሮ ዝናብ ነበር። እሱ ጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፤ እኔና እኅቴ ከኋላው ወንበር ነን። ዓይኔን ከካርቶኑ አልነቀልሁም። አለም በር ከተማን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ዝናቡ በረታ፤ ከመስታወቱ ውጭ ምንም አይታይም። አባቴ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣና ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። መዳፉ ደረቅ እንደሆነ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ዳሰሰው።

ግቢ ስንገባ እናቴ ጃንጥላ ይዛ ሮጠች። በሩን ልትከፍት ስትል እጁን አነሣ።

«ቆዪ፣ ያባራ።»

«ጃንጥላ ይዣለሁ እኮ! ቤትህ ደርሰህ ደጅ ትቀመጣለህ?»

«እስቲ የልጄን ሥራ ልፈትነው። አንቺ ግቢ፣ ትረጥቢያለሽ።»

አልገባችም። ጃንጥላዋን እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆመች። አጎቴ ሞተሩን አጠፋው። ዝናቡ የመኪናዋን ጣራ ይደበድባል።

መስከረም ሳይጠባ አረፈ። ካመጣነው ቀን በኋላ መኪናዋ ውስጥ አልተቀመጠም፤ ያን ቀን ዝናቡ ሲያባራም ለመውረድ አልቸኮለም።