ዶክተር ወይንሸት የደበቁን ሕመም

የልጆች ሐኪማችን ዶክተር ወይንሸት ማረፋቸውን የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ያረፉት በትውልድ አገራቸው በጎጃም ነው። አሰላ ላይ ልጆቻችንን ሲያክሙልን ኖረው፣ እኛ ለቀብራቸው እንኳ አልደረስንም። እኔ ዘይነባ እባላለሁ፤ ለአሰላ ቅርብ የሆነችው ኢተያ ነዋሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ በሐዘንም፣ በቅያሜም።

የተዋወቅነው ልጄ ሐያት በሦስት ዓመቷ ሆዷ ተነፍቶ፣ እጅና እግሯ ሰልሎ፣ ተቅማጥ አልቆም ሲላት ነው። በየሄድንበት የትል መድኃኒት ይሰጡን ነበር። እሳቸው ግን ከቁርስ እስከ እራት የምትበላውን ሁሉ አስነገሩኝ። ከዚያም «ምግብ የማይስማማቸው ልጆች አሉ። ሁሉንም በአንዴ ብንከለክላት ደግሞ በረሃብ እንጎዳታለን። አንዱን አቁመን እንይ» አሉኝ። መጀመሪያ ወተት አስቆሙን፤ ለውጥ ሲጠፋ መለሱላት። ቀጥሎ ደሟን አስመርምረው ስንዴና ገብስ ከለከሏት።

ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነው። «በስንዴ አገር ስንዴ በሽታ ሆነ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወፍጮ ቤት ድረስ ሄደው ባለወፍጮውን «ጋሼ፣ የዚህችን ልጅ ጤፍ ጠዋት ወፍጮውን ጠርገው ከስንዴው በፊት ይፍጩላት» ብለው ለመኑልን።

ሐያት አገግማ ሳለ እንደገና ታመመች። አኮ ብለን የምንጠራቸው የባለቤቴ እናት፣ ከገብስና ከቅቤ የሚሠራውን ጭኮ ተደብቀው ያጎርሷት ኖሯል። ዶክተር በዕረፍት ቀናቸው ቤታችን መጡ። አልተቆጡም። አኮ አጠገብ ተቀምጠው በተሰባበረ ኦሮምኛ ሰላም ካሏቸው በኋላ፣ «አኮ፣ ስለሚወዷት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አይደብቁኝ። የተደበቀብኝን ማከም አልችልም» አሏቸው። አኮ አለቀሱ፤ ጭኮውንም ዳግም አልሰጧትም። ዛሬ ሐያት ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ከእኩዮቿ ጋር ትሮጣለች።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር የቤታችን ሰው ሆኑ። ምግብ ሳቀርብላቸው ግን «ጾም ላይ ነኝ» ይሉኝ ነበር። ሙስሊም ነኝና ጾማቸው መቼ ገብቶ መቼ እንደሚፈታ አላውቅም፤ አመንኳቸው። ባለፈው ክረምት ሊሰናበቱኝ ሲመጡ በጣም ከስተው ነበር።

«ያምዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ድካም ነው። አገሬን አይቼ እመለሳለሁ።»

ከሞቱ በኋላ አብራቸው ትሠራ የነበረች ነርስ እውነቱን ነገረችኝ። የጨጓራ ካንሰር ነበረባቸው። ሲሞቱ ሕመማቸውን ካወቁ ዓመት አልፏቸው ነበር። ለማንም እንዳትናገር አስምለዋታል። «እነዚያ እናቶች የልጆቻቸው ጭንቀት ይበቃቸዋል» ብለዋት ነበር።

ሰዎች ይህን ደግነት ይሉታል። እኔን ግን እንደ ክህደት ነው ያመመኝ። ማጀቴን ሳይቀር ያሳየኋቸው ሰው፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እየታመሙ እንደ ባዳ ቆጠሩኝ።

ዶክተር ወይንሸት፣ ልጄን ከሞት አፍ አውጥተውልኛል፤ ይህን ስናገር እኖራለሁ። ግን እኔም ላስታምምዎ ይገባኝ ነበር። አጥሚት ይዤ በርዎን ባንኳኳ፣ ትራስዎን ባቀና፣ እጅዎን ይዤ ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ወዳጅ ለወዳጁ የሚያደርገውን ነፈጉኝ። ይቅር ብያለሁ ለማለት ልቤ ገና አልፈቀደልኝም። ተቀይሜዎም እወድዎታለሁ። አላህ ሕመም በማይደርስበት ያሳርፍዎ።