የሰማዩ ድንጋይና የአባቴ ድር

ባለፈው ሳምንት በመካኒሳ አቦ በኩል ሳልፍ፣ ዝናብ የነካው የጥጥ ክር ሽታ ከአንድ ግቢ ወጥቶ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባና እግሬን ያዘኝ። ሰው የልጅነት ቤቱን ሲያስታውስ ሆዱ ይባባል ይባላል፤ እኔን ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው።

አባቴ በንጉሡ ጊዜ ከጋሞ ደጋ መጥቶ መካኒሳ የሰፈረ ሸማኔ ነበር። ክረምት ክረምት ቤት ውስጥ፣ ወለሉ ላይ በቆፈረው ጉድጓድ እግሩን ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ ይውል ነበር፤ መስቀል አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ደግሞ በግቢያችን ችካል ተክሎ፣ እኔን ክር አስይዞ፣ እየተመላለሰ ድር ያደራ ነበር። እኔም ክሩን እያቀበልኩ በልቤ ሒሳብ እሠራ ነበር። ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ፤ ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፣ ብመካም ግን ያምርብኛል።

በጋው ሲገባ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ሰፈራችን መጣና አባቴም እንደ ሌላው ጎልማሳ ደብተር ይዞ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይሄድ ጀመር። ስሙን በእጁ የጻፈ ዕለት እማዬ እልል ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ ለእሱ እንደ አዋጅ ነበር።

ሚያዝያ ላይ የዘመቻው መምህር ከራዲዮ የሰማውን ወሬ ይዞ መጣ። ተራራ የሚያህል ድንጋይ፣ ዛሬ አስትሮይድ የምንለው፣ እንደ ምድር ፀሐይን እየዞረ ከክረምት በፊት በአጠገባችን እንደሚያልፍ ነገራቸው፤ እስከዚህ ድረስ ወሬው እውነት ነበር። ከዚያ ግን ጠመኔ አንስቶ፣ ፀሐይን መሃል አድርጎ፣ የምድርን መንገድ ክብ፣ የድንጋዩን መንገድ እንደ እንቁላል ሞላላ አድርጎ ሣለና፣ ሁለቱ መስመሮች የተቋረጡበትን ቦታ በጠመኔው እየመታ «እዚህ ላይ ይገናኛሉ» አለ። ቢመታንስ ብለው ሲጠይቁት ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሌላ ትምህርት አለፈ።

ሌላው ሰው ለሁለት ቀን ፈርቶ ረሳው። አባቴ ግን ሸማኔ ነውና ሥዕሉን እንደ ጨርቅ አነበበው። በጨርቅ ላይ ክርና ክር ከተቋረጡ ይያያዛሉ፤ ጥበቡ ሁሉ እዚያ ነው። ቤት ገብቶ የሽመና ዕቃውን መፍታት ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች እማዬ።

«እሑድ አገር እንገባለን። መሞት ካልቀረ ከዘመዶቻችን ጋር እንሙት።»

«ልጁ እኮ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ አለበት!»

«ማን ሊያርመው? ድንጋዩ?»

እማዬ ሳትወድ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። የስድስተኛ ክፍልን የሚኒስትሪ ፈተና ያልወሰደ ልጅ ሰባተኛን አያይም። እሑድ ከመካኒሳ ከወጣሁ፣ ያ ሁሉ አንደኛነቴ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነበር።

በማግስቱ የአባቴን ደብተር ተሸክሜ ከኋላው አዳራሹ ገባሁና እጄን አወጣሁ።

«ጓድ መምህር፣ የድንጋዩ መንገድ ከምድር መንገድ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ ይላል?»

«ሰማይ ላይ ደግሞ ምን ከፍታ፣ ምን ዝቅታ አለ? ሂድና ክርህን ጠንጥን፣ አንተ ሚጢጢ!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ያ ሰው «አላውቅም» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ሰሌዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰማዩም ጠፍጣፋ መሰለው! ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በልቤ ክር ስዘረጋ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ጓዝ ሲያስር፣ ችካሎቹን ግቢው ላይ ተከልኩ። ለምድር መንገድ ነጭ ክር በጉልበቴ ልክ ዙሪያውን ወጠርኩ። ለድንጋዩ መንገድ የጥለቱን ቀይ ክር ወስጄ፣ ሞላላ አድርጌ፣ በአንድ ወገን እስከ ደረቴ አንሥቼ፣ በሌላው ወገን ወደ መሬት ዝቅ አደረግሁት። ማንም አላስተማረኝም። መጽሐፍም አላየሁም።

አባቴ መጥቶ ከላይ ቁልቁል አየና «ይኸው፣ ተቋረጡ» አለ።

«ጎንበስ በል፣ አባዬ።»

ጎንበስ አለ። አልበቃውምና በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን አዘንብሎ፣ ዓይኑን በነጩ ክር ልክ አደረገ። ከላይ ሲታዩ በተቋረጡበት ቦታ በሁለቱ ክሮች መካከል የጎረቤታችን አጥር ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ከዚያ መወርወሪያውን ከጓዙ ውስጥ ፈልጎ አወጣና፣ በክሮቹ መካከል ቀስ አድርጎ አሳለፈው፤ አንዱንም አልነካም።

«ሥዕሉ ጎኑን ደብቆ ነበር» አለ። እውነተኛውን ድንጋይ እንዳላወቅሁት ዛሬ ልናገር፤ መንገዱ በየት በኩል እንደሚያዘነብል እኔም አላውቅም ነበር። የማውቀው መምህሩም እንዳላወቀው ነው። አባቴ ግን ጓዙን ፈታ፤ እሑድ ያለ ጉዞ አለፈ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ በደስታ እጽፈው ነበር። ሰኞ አባቴ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ፣ በሙሉ ትሕትና፣ ሰው በከንቱ እንዳይሰጋ ብሎ ያየውን ተናገረ። መምህሩ «ጓድ ሸማኔ፣ መወርወሪያህን ወደ ጨረቃ ልታመጥቀው ነው?» ብሎ ሊያስቅበት ሞከረ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም። ማን እንዳስተማረው ሲጠይቀው፣ የኔ የዋህ አባት በኩራት «ልጄ ነው» አለ። በሳምንቱ ትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ደረሰ፤ ዘመቻውን የሚያደናቅፍ ወሬ አሰራጭቷል ይል ነበር፣ ስለ እኔ! ዳይሬክተሩ ዓይኔን ሳያይ ቤትህ ሂድ አለኝ። ሰኔ ላይ ጓደኞቼ እርሳስ ቀርጸው ለሚኒስትሪ ሲገቡ፣ እኔ እግሬን በአባቴ ጉድጓድ ሰድጄ ነጠላ ስመታ ነበር። ድንጋዩ በሰላም አለፈ። ክረምቱም ገባ። በሚቀጥለው ዓመትም ስሜን ለመመዝገብ የደፈረ አልተገኘም፤ አባቴም «ምነው አፌን በቆረጠው!» እያለ ብዙ ክረምት አሳልፏል።

እኔ ግን አልተሸነፍኩም። በሽመና ባገኘሁት ገንዘብ አሮጌ መጻሕፍት እየገዛሁ፣ ሰማይ «ቅርብ» የሚለው ነገር እኛ ሩቅ ከምንለው ሁሉ እንደሚርቅ፣ መንገዶች ቢገናኙ እንኳ ሁለቱ ተጓዦች በአንድ ሰዓት እዚያ ካልደረሱ እንደማይጋጩ ብቻዬን ተማርኩ። ዛሬ ከለቡ እስከ ፉሪ በዚህ ነገር የሚከራከረኝ ካለ በሬ ክፍት ነው።

ባለፈው ወር መታወቂያ ላሳድስ ወረዳ ሄጄ ነበር። የምታስተናግደው ልጅ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና፣ ዓይኔ ይደክማል ብላ ቅጹን ራሷ ልትሞላልኝ ጀመረች። በእኔ ዘመን በዚያ ጠረጴዛ በኩል እንዲህ ያለ ፊት አይታይም ነበር። «አባባ፣ የትምህርት ደረጃ?» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። ስለ ሰማይ ድንጋዮች የጻፍኳቸውን ሰባት ደብተሮች ልነግራት ፈለግሁ፤ ባዶው ቦታ ግን የአንዲት ቁጥር ስፋት ብቻ ነበረው።

«አምስት» አልኳት። ጻፈችው።