ክራር አራጋፊው

አዳማ ባጃጅ ተራ ፊት ለፊት ካለው ካፌ የማይጠፋ አንድ «ባለሙያ» አለ። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፤ ማዳመጫውን እንደ ቀንበር አንገቱ ላይ ጭኖ ይውላል። ሥራው የድሮ ፊልሞችን ሙዚቃ አውጥቶ፣ በኪቦርድ ጩኸት ተክቶ፣ ዩቲዩብ ላይ መጫን ነው። ትናንት አንድ ፊልም ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ስትቀብር ከኋላዋ ይሰማ የነበረውን ክራር አራግፎ የሰርግ ምት ገጠመላት።

«ወንድምዬ፣ ሬሳው ተነሥቶ እስክስታ ሊመታ ነው እኮ» አለችው አስተናጋጇ ሑስና።

«ባለመብቱ ከሰሰ ማለት ቻናሌ ተዘጋ ማለት ነው። ደግሞስ ያን ክራር ማን ያስታውሰዋል?» አላት ሊቁ ባለሙያችን።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። የጥሪ ድምፁ ያው ያራገፈው ክራር ነበር። ሊቁ መነጽሩን አወለቀ፤ ዜማው እስኪያልቅ ግን ስልኩን አላነሳውም።